የደቂቃ እንግዳ

«አልጋዋ ዝም ብላ አቧራ ከምትጠጣ፣ ልጅ ያለው ይተኛባት!»

ይህን ያሉት አማቷ ናቸው። ያሉትም በጠዋት፣ ገና የሻይ ውሃ ሳይፈላ፣ ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ወዲያ ሆነው ነው። ኮምፔርሳቶን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ከግድግዳው ወዲህ ምራታቸው ደቂቃ ጉልበቷን እስከ አገጯ ሰብስባ፣ ትራሷን ሆዷ ላይ ጨብጣ ተኝታለች። አልጋዋ የተባለችው የእሷ አልጋ አይደለችም፤ ኮሪደሩ ላይ የቆመችው የሕፃን አልጋ ናት። የብረት ናት፣ ነጭ ቀለም የተቀባች፣ በየመጋጠሚያው የተላጠች። ባሏም የባሏ ታላቅ እህትም ያደጉባት ናት። በደቂቃ ሠርግ ማግስት አማቷ እማማ ራሳቸው ከጣሪያ ሥር አስወርደው፣ በሳሙና አሽተው፣ እዚያች ኮሪደር ላይ አቆሟት። መጀመሪያ ሰሞን የሚያልፍ ሁሉ ነካ እያደረጋት ይስቅ ነበር። ቆይቶ የታጠበ ልብስ ይጣልባት ጀመር። ቀጥሎ የድንች ከረጢት ተቀመጠባት። ከዚያ በኋላ ሰው ሲያልፍ ጎኑን ሰብሰብ አድርጎ ነው፣ በአበዳሪ ደጅ እንደሚያልፍ።

«ይከፋታል እኮ፣ እማዬ» አለች እህትየው። ሁለተኛዋን አርግዛለች፤ ስትናገርም ቁና ቁና እየተነፈሰች ነው።

«ይከፋት! እኔስ አልከፋኝም? ወር በመጣ ቁጥር ተጠቅልላ የምትተኛ ሴት የት አይተሻል? እኔ እናንተን ስወልድ በሦስተኛው ቀን ልብስ አጥቤያለሁ። ይቺ ምንድን ናት? ሳትወልድ አራስ!»

ሳትወልድ አራስ። እንግዲህ ስድብም ሲያምርበት እንዲህ ነው። ደቂቃ ራሷ ሰው ላይ ሲባል ብትሰማው ኖሮ ሳቋ ያመልጣት ነበር፤ ግን ጆሮዋ የራሷ ሆነና ልቧ ስንጥቅ አለ። ሕመሙም የተሰደበ ይመስል ባሰበት። ሕመሟ ከእምብርቷ በታች ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ እንደ ክር ቀስ ብሎ ይስባል፣ ከዚያ ወደ ወገቧ ዞሮ ይቋጠራል፣ ከዚያ በታፋዋ በኩል ይወርዳል። መጋረጃ ሰፊ ስለሆነች ነገሩን የምታስበው በስፌት ነው፤ አንዳንዱ ወር እጥፋት ነው፣ አንዳንዱ ወር ሽብሽብ። የዛሬው ሽብሽብ ነበር።

ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር እያሰረ ነው። አንድ ጫማ ለማሰር እንዲህ የፈጀ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ኤሌክትሪሻን ነው፤ ሰፈሩ ፊውዝ ይለዋል። ምንም ነገር ቢበላሽ፣ ፍሪጅም ይሁን የበር ደወልም ይሁን የሰው ትዳርም ይሁን፣ «መጀመሪያ ፊውዙን እዩ» ከማለት ውጭ ምክር የለውም። እሱም የእናቱን ድምፅ ሰምቷል፤ እሷም እንደሰማ ታውቃለች፤ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። ሦስቱም እውቀት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጨናነቁ።

«ዛሬ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው» አለችው።

«ልምጣ?» አለ። ‹አትምጣ› እንድትለው በሚለምን ድምፅ።

«ሥራህን ሂድ።»

ተንፍሶ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና የመፍቻ ቦርሳውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛውሮ ወጣ።

ለምትሠራበት መጋረጃ ሱቅ ባለቤት ደወለች። ሴትዮዋ ገና ‹ሄሎ› ሳትል «ዛሬም?» አለች። ደቂቃም «ዛሬስ ልታይ ነው» አለቻት። «እሰይ፤ ግን የሆቴሉ መጋረጃ ነገ ይፈለጋል፣ ለሆድሽም ንገሪው» ብላ ዘጋች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ጨርቅ ስትለካ ኖራ ሰውንም በሜትር መለካት ለምዶባት ነው።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፣ ከታች የጥርስ ሐኪምና የጫማ መደብር አለ። ደቂቃ ደረጃውን የወጣችው እየቆመች፣ የጫማ ዋጋ የምታይ እየመሰለች ነው። ካርዱ የአንድ ትራስ ልብስ ዋጋ፣ አልትራሳውንዱ ደግሞ የሁለት መስኮት መጋረጃ ዋጋ ሆኖ አገኘችው። ነርሷ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ አስያዘቻትና «ጨርሺው፤ ሽንትሽ እስኪወጥርሽ ያዢ። ፊኛሽ ካልሞላ ማህፀንሽ አይታይም» አለቻት። እንዲህ የተባሉ ሴቶች በተርታ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እግራቸውን አጣምረው፣ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ። ፊት ለፊታቸው ግድግዳው ላይ የማህፀን ሥዕል ተለጥፏል። ደቂቃ ማህፀን እንዲህ መሆኑን አታውቅም ነበር፤ ሁለት ክንዷን ግራና ቀኝ ዘርግታ ሰው ልታቅፍ የቆመች ነው የምትመስለው። አሳዘነቻት።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ወንበሩ ለእሷ ጠብቧታል፣ ኮሪደሩም ለድምፅዋ ጠብቦታል።

«ምን ዓይነት ጉድ ነው!» አለች ለሁሉም። «ፅንስ አልይዝ አለኝ ብዬ ብመጣ፣ ሽንት ያዢ ይሉኛል!»

ተርታው ሁሉ በአንዴ ተርገፈገፈና በአንዴ ደግሞ «ኧረ አታስቂን!» ብሎ ጮኸ። አንዷማ ተነስታ ቆመች፣ መልሳ መቀመጥ ፈራች።

«ሰውዬው ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ይለኛል» ቀጠለች ነጋዴዋ፣ «ባሌን ነው የምላችሁ። የኔ እንቁላል እግሩ ተሰብሯል መሰለኝ አልኩት። እሱ ዝም ብሎ ጨዋታ ነው ብሎ ሲያስብ፣ እኔ ማታ ማታ አለቅሳለሁ።» ይህን የመጨረሻውን ያለችው በዚያው በቀልዱ ድምፅ ነው፤ ማንም ግን አልሳቀም። ደቂቃ የውሃ ጠርሙሷን አቀበለቻት። ነጋዴዋም ጠርሙሱን አየች፣ ደቂቃን አየች፣ «ልትገድዪኝ ነው?» አለቻት። ያኔ እንደገና ተሳቀ።

ሳቅ አፍኖ፣ ሽንት ይዞ፣ ሆዱን እየቆረጠው የተቀመጠ ሰው ሐሳቡ ሩቅ ነው የሚሄደው። የደቂቃም እናቷ ቤት ገባ። ልጅ ሆና የነበሩበት ቤት አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነበር፣ ግድግዳው ሁሉ ሰዓት። አባቷ ሰዓት ጠጋኝ ስለሆነ ሱቁ ያልበቃው ሰዓት ሁሉ እቤት ይሰቀላል። ሁሉም በየራሱ ይመታል፤ አንዱ ሲጨርስ አንዱ ይጀምራል፤ እንግዳ ሰው ቢገባ ያብዳል፣ እነሱ ግን አይሰሙትም ነበር። የሚሰሙት ሲያቆም ነው። የሚያቆመው ደግሞ በወር አንዴ፣ እንግዳ የመጣ ቀን።

በነሱ ቤት የወር አበባ ስም አልነበረውም፤ እንግዳ ነው የሚባለው። እናቷ ጠዋት ተነስታ ግድግዳውን ይዛ «መጣብኝ እንግዳው» ትላለች። አባቷ ምንም ሳይል ወንበር ላይ ይወጣና የእያንዳንዱን ሰዓት ፔንዱለም በጣቱ ያዝ ያዝ እያደረገ ያስቆማል። ከዚያ ውሃ ያፈላል፣ ጠርሙስ ይሞላል፣ ጠርሙሱን ቀይ የሱፍ ካልሲ ውስጥ ከትቶ ለእናቷ ይሰጣታል። ቤቱ ጭጭ ይላል። ደቂቃም እንግዳ ከመጣ ጊዜም ይቆማል ማለት ነው ብላ አመነች፤ እንግዳውንም በጣም ትልቅ ሰው አደረገችው። አንድ ጊዜ አልጋ ሥር ገብታ ፈልጋዋለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ እናቷ ስትቃትት ሰምታ፣ ‹እንግዳው የተቆጣው ምንም ስላልቀረበለት ነው› ብላ፣ ከራሷ ሻይ ላይ ቀንሳ በትንሽ ስኒ በሩ ሥር አስቀመጠችለት። ጠዋት ስትነሳ ስኒው ባዶ ነው። «ጠጥቶ ሄደ፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል» አላት አባቷ። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሻይ ማስቀመጥ የደቂቃ ሥራ ሆነ። ማን እንደሚጠጣው የገባት ኋላ ነው፤ ያኔም አልተናገረችም፣ ስኳሩን ብቻ ጨመር አደረገችለት። አባቷ ጣፋጭ ይወዳል።

የአባቷ እህት ግን እንዲህ ባለ ቀን ከመጣች ነገር ይበላሻል። በሩ ላይ ቆማ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ወንድሜ እኮ ሚስት አላገባም፣ ፍራሽ ነው ያገባው» ትል ነበር። ደቂቃም ልጅ ናት፣ የሰማችውን ትቀዳለች፤ እናቷ ትንሽ ሰነፍ ናት ብላ አደገች። የራሷ ቀን ሲደርስ እናቷ ያችን ቀይ ካልሲ አምጥታ ሆዷ ላይ አስቀመጠችላትና «የኛ ቤት እንግዳ አስቸጋሪ ነው፤ ቻዪው» አለቻት። ቻለችው። ይኸው እስከዛሬ ትችለዋለች።

«ደቂቃ ሳይሆን ዓመት ሆነብሽ!» ነጋዴዋ ጎነጠቻት። «ተጠራሽ እኮ!»

የአልትራሳውንዱ ክፍል ጨለም ያለ ነው። መሣሪያውን የያዘው ሰውዬ ሆዷ ላይ የቀባት ነገር ቀዝቃዛ ነው፣ እጁ ሞቃት፣ አፉ ዝግ። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለ። ተጫነ። ደቂቃ ጥርሷን ነከሰች። እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቆም አለ፤ ሰዓት የሚያስቆመው አባቷ ትዝ አላት። «ምን አየህ?» ብትለው «ዶክተሯ ትነግርሻለች፤ አሁን ሽንት ቤት መሄድ ትችያለሽ» አላት። እንዲያው እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ከመውለድም ከመሞትም የምትበልጥባት ይህቺ ፈቃድ ነበረች። ሮጠች።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር የድካም ከረጢት አለ፣ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ እስክሪብቶ ትፈልጋለች።

«የመጨረሻው መቼ መጣ?» አለቻት።

ደቂቃ ሳታስበው የቤቷ ቋንቋ አመለጣት። «እንግዳው? ዛሬ ጠዋት።»

«እንግዳ ካለብሽ ለምን ዛሬ መጣሽ ታዲያ? ሌላ ቀን ይደርስ ነበር እኮ!» ብላ ዶክተሯ ቀና አለች፤ የደቂቃን ፊት ስታይ ገባት። ሁለቱም ሳቁ። ደቂቃ እየሳቀች አለቀሰች፤ ዶክተሯም እንዳላየች ሆና እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ መዘዘች።

ብዙ ጠየቀቻት። ከወር አበባ ውጭም ያምሻል ወይ፣ ሽንት ስትሸኚ ያቃጥልሻል ወይ፣ ትኩሳት ነበረሽ ወይ፣ ፈሳሽ ነበረሽ ወይ፣ ከባልሽ ጋር ስትተኚስ ያምሻል ወይ። ይህችኛዋን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ ባሏም፣ እሷም ራሷን። «አዎ» ስትል ድምፅዋ ከራሷ ሳይሆን ከአጠገቧ የመጣ መሰላት።

«ከእምብርት በታች ያለው ቦታ የጋራ ግቢ ነው» አለች ዶክተሯ። «ፊኛ አለ፣ አንጀት አለ፣ ማህፀን አለ፣ እንቁላል የሚያመርቱት ሁለቱ አሉ። አንዱ ሲጮህ ከየትኛው ቤት እንደጮኸ ከአጥር ውጭ አይታወቅም። ለዚህ ነው ገብቼ የማየው። ሳይታከም የቆየ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችል ነበር፣ ማህፀን ላይ የሚያድግ እጢ ሊሆን ይችል ነበር። ያንቺ ግን በግራ በኩል፣ እንቁላል ማምረቻው ላይ፣ ደም ያቆረች ትንሽ ከረጢት አለች። የማህፀንን የውስጥ ልባስ የሚመስል ነገር አንዳንዴ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። ወር ሲደርስ እሱም ይደማል፤ ግን መውጫ የለውም። እዚያው ይቆጣል፣ እዚያው ያቆስላል። እንግዲህ ያንቺ እንግዳ በሩ የጠፋው እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። እርግጠኛ ለመሆን ገና ምርመራ አለ።»

ደቂቃ ይህን ሁሉ ሰማች፣ ግን የምትሰማው ሌላ ነገር ነው፤ የብረት አልጋ ኮሪደር ላይ ሲጎተት።

«እወልዳለሁ?» አለች።

ዶክተሯ ወዲያው አልመለሰችም። ደቂቃ ኋላ ላይ የወደደችላት ይህንን ነው።

«አሁን አላውቅም። እንዲህ ያለባት ሴት አንዳንዷ ይዘገይባታል፣ አንዳንዷ እርዳታ ትፈልጋለች፣ ብዙዋ ደግሞ ትወልዳለች። ያመማት ሁሉ መካን አይደለችም፤ ያላመማትም ሁሉ አትወልድም። ባልሽም ይመርመር፤ ልጅ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። መካን የሚለውን ቃል ግን ከእኔ አልሰማሽም፣ ከማንም አትስሚ። እና ደግሞ አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም ስንፍና አይባልም።» እስክሪብቶዋን መልሳ ፀጉሯ ውስጥ ሰካችው። «ይሄ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል። እናትሽን እንዲህ ያማቸው ነበር? ለመውለድስ ቆይተው ነበር? ጠይቂልኝ።»

«እናቴ የለችም። ሞታለች።»

«የሚያውቅ ሰው ይጠፋል?»

አለ እንጂ፤ ግን ሰውዬው አባት ነው። አባት ፊት ራስ ያመኛል ይባላል፣ ጥርስ ያመኛል ይባላል፤ ማህፀን ተብሎ ግን እንዴት ይጀመራል? ደቂቃ መንገዱን ሙሉ አፏ ውስጥ ቃል ስትመርጥ፣ ስታገላብጥ፣ ስትተው ሄደች። ነጋዴዋ ብትሆን ኖሮ በሩ ላይ ቆማ ትጮኸው ነበር።

የአባቷ ሱቅ ደረጃ ሥር ነው፣ በአንድ በኩል ሊስትሮ፣ በሌላ በኩል የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ልጅ። ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው በጎን ነው የሚገባው። ድሮ ደቂቃ እዚህ ባንኮኒ ላይ ተቀምጣ የሞቱ ሰዓቶችን ጆሮዋ ላይ እያደረገች «ይሄ ሞቷል፣ ይሄ እያስመሰለ ነው» ትል ነበር። አሁን ሰው ሰዓት የሚያየው ስልኩ ላይ ነው፤ ወደ አባቷ የሚመጡት ሽማግሌዎችና የሟች አባታቸውን ሰዓት ያገኙ ልጆች ናቸው። ሲያያት ዓይኑ ላይ የሰካትን ማጉያ አወለቀ።

«ኧረ ደቂቃዬ! ስንት ሰዓት ሆኖ ነው? ሥራ የለም እንዴ?»

«አንተ ነህ እኔን ሰዓት የምትጠይቀኝ?»

ሳቀ። ሻይ ልዘዝልሽ አለ፣ አይ አለች። ባልሽስ አለ፣ ደኅና ነው አለች። አማትሽስ አለ፣ ደኅና ናቸው አለች። ደኅና ያልሆነ ሰው ጠፋ። ከጀርባው ያለው ትልቁ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ያወራል።

«አባዬ» አለች፣ የስልክ ሽፋን ሻጩን ልጅ በጎን እያየች፣ «የእማዬ እንግዳ...»

የአባቷ ወረንጦ ቆመ። ቀና ብሎ አላያትም። ቀስ ብሎ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና፣ ሳይዞር፣ የግድግዳውን ሰዓት ፔንዱለም በጣቱ ያዝ አደረገው። ሱቁ ጭጭ አለ። ከዚያ ማጉያውን መልሶ ዓይኑ ላይ ሰካ፣ የተከፈተች ሰዓት አንስቶ አጎነበሰ፣ ለእሷ ሳይሆን ለሰዓቷ ማውራት ጀመረ።

«በጣም ያማት ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ ብርድ ነው አሉን። ሌላ ቦታ ወሰድኳት፣ ስትወልድ ይተዋታል አሉን። እንዳትወልድ ያረጋት እሱ ከሆነስ የሚል ሰው አልነበረም። ዓመት ሞላን፣ ሌላ ዓመት መጣ፣ ሌላም መጣ። እህቴን ታውቂያታለሽ። ሰው ሁሉ ይጠይቃል። እዚህ ሰዓት ሊያሠራ የመጣው ሁሉ ሰዓቱን ከእጁ እየፈታ ‹ልጅስ?› ይለኛል። ምን ልበል? ሥራዬ ያስለመደኝን አልኩ። ‹ደቂቃ ታገሱ።› ስለ ሰዓቱም ሲጠይቁኝ ደቂቃ ታገሱ፣ ስለ ልጁም ሲጠይቁኝ ደቂቃ ታገሱ። ማታ ስገባ እናትሽ ‹ዛሬስ ስንት ሰው አስታገስክ?› ትለኛለች። እንስቃለን። እሷ አንዳንዴ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ይዞርባታል፤ ያኔ ዝም ብዬ ውሃ አፈላለሁ። ከዚያ፣ እኛም ተስፋ ከቆረጥን በኋላ፣ ጠያቂውም ካቆመ በኋላ መጣሽ። ‹ማን ትላታለህ?› ሲሉኝ ‹ምን ማን አለው፣ ስጠብቃት የኖርኩት ደቂቃ ናታ› አልኩ። እናትሽ ሆዷን ተሰፍታ ተኝታ፣ መሳቅ ተከልክላ፣ ሳቀች።»

ደቂቃ ባንኮኒውን ይዛ ቆማለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስሟን የተሸከመችው በሌላ ምክንያት ነው ብላ ነበር።

«አጭር ስለሆንኩ መስሎኝ!»

«አጭርነትሽማ በኋላ ነው የመጣው» አለ አባቷ።

ሳቀችበት፤ ሳቋም መሃል ላይ ወደ ሌላ ዞረባት። አባቷ ሳቁን ያውቀዋል፤ ሌላ ሴት ላይ ሰምቶታል። ማጉያውን አወለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት።

«አንቺም ጋ... ያው እንግዳ ነው?»

«ያው ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ጎንበስ ብሎ የታችኛውን መሳቢያ ሳበና ቀይዋን የሱፍ ካልሲ አወጣ። የሰዓት መስታወት አጠራቅሞባታል፤ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው፣ ክብ ክብ መስታወቱ ተንከባሎ አንዱ ሊስትሮው ጋ ደረሰ። ካልሲዋን አራገፈ፣ ገልብጦ አየ፣ እንደገና አራገፈ። «መስታወት እንዳይቀርባት» አለ። ከዚያ ሰጣት። «እናትሽ ቻዪው ብላሻለች። አውቃለሁ። ሰው ያልነገራትን ከየት ታምጣው? አንቺ ግን አትቻዪው። ተመርመሪ፣ ታከሚ። እኔም እመጣለሁ፣ ውጭ እቀመጣለሁ።» ልትወጣ ስትል ደግሞ ጠራትና፣ ጆሮውን እያከከ፣ «ያ ሻይ» አለ፣ «ስኳሩን ያበዛሽው ለኔ ብለሽ ነው?»

«ለእንግዳው ነው» አለችው።

አውቶቡስ ስትጠብቅ ባሏ ደወለ። ምን አሉሽ አለ። ነገረችው፣ ስለ ከረጢቷም፣ በሩ ስለጠፋው እንግዳም፣ ገና ስለሚቀረው ምርመራም። «አንተም ተመርመር ተብሏል» ስትለው ግን ድምፁ ከፍ አለ።

«እኔ? እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?»

«መጀመሪያ ፊውዙን እዩ ትል የለ?»

 ሳቀ፣ ሳይወድ በግዱ፣ ከአፍንጫው። «ይቺን ከየት አመጣሻት» አለ። ቆየና «መቼ ነው የሚሄደው?» አለ። «ነገ» አለችው። «ነገ» አለ እሱም፤ እሺ ይሁን እምቢ ሳይለይ ተዘጋ።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና ኮሪደሩ ውስጥ ነበረች። ባሏ መሬት ላይ ተንበርክኮ የሕፃን አልጋዋን ብሎን እየፈታ ነው። መፍቻ ያለው እሱ ብቻ ነዋ፤ እናቱ ገና ከሥራ ሲገባ አዘውታል። አንደኛው ጎኗ ተፈትቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ብሎኖቹ መዳፉ ላይ ናቸው። እህትየው ወንበር ላይ ሆና ሆዷን ታሻለች፣ ውጭ በሩ ላይ የእህትየው ባል ጋሪ ይዞ ቆሟል። እማማ በእርጥብ ጨርቅ የአልጋዋን እግር እየወለወሉ ነው። ደቂቃ ስትገባ ሁሉም የሚያየው ቦታ አጣ። ባሏ ጭራሽ ብሎኖቹን መቁጠር ጀመረ።

«መጣሽ? ምን አሉሽ ታዲያ?» አሉ እማማ። ጨርቁን አላስቀመጡም። ድምፃቸው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ደቂቃ ዛሬ በጠዋት ያልሰማችው ነገር ነበረበት፤ ፈርተዋል። የልጅ ልጅ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ትንሽ ይፈራል።

ብዙ መልስ ነበራት። ዶክተሯ ያለቻት አለ፣ ራሷ አውቶቡስ ላይ ያዘጋጀችው አለ፣ ‹ሳትወልድ አራስ› ለሚለው ብቻ የሚሆን ሦስት ያህል የተሳለ ነገር አለ። ምላሷ ላይ የመጣው ግን የአባቷ ነው።

«ደቂቃ ይታገሱኝ፣ እማማ።»

ይህን ብላ አለፈቻቸው። ክፍሏ ገባች፣ በሩን ገፋ አደረገችው፣ ውሃ ጣደች። ሲፈላ ጠርሙሱን ሞላች፣ ጠርሙሱን ቀይ ካልሲዋ ውስጥ ከተተች፣ ጋደም ብላ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። ሙቀቱ ቀስ እያለ ገባ። ካልሲዋ የሰዓት ዘይት ትሸታለች፤ ከዘይቱ ሥር ደግሞ፣ ሰው በግድ ከፈለገ፣ የእናቷ ሳሙና አለባት።

ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ጋሪው ሲጥ አለ።

«ምን ልታመጣልን ነው የቆምነው?» አለች እህትየው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ታገሱኝ አለች እኮ» አሉ እማማ፣ ግራ ገብቷቸው፤ ጨርቁን እንደያዙ መቆማቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል።

 ቆይቶ የባሏ መፍቻ ድምፅ ተሰማ። ብሎን ሲፈታ ይንገራገጫል፤ ሲታሰር ግን እየቆየ እየቆየ ድምፁ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ጭጭ ይላል። የኤሌክትሪሻን ሚስት ይህን ሳትማር አታድርም። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፣ ድሮ ሰዓት ጆሮዋ ላይ አድርጋ እንደምታዳምጠው።

ብሎኑ እየጠበቀ ነበር።